«ነፋስ ይመታኛል!»

በአገራችን ሐኪም ለመባል የሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍ መርገጥ አያሻም። ታክሲ መሳፈር ይበቃል። ከአየር ጤና ወደ ዓለም ገና በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ስለ ጨጓራ፣ ስለ ደም ብዛት፣ ስለ ስኳር፣ ስለ ፌጦና ስለ ነጭ ሽንኩርት አስተያየት የማይሰጥ ሰው የለም። ጥሬ ሥጋ በልቶ አረቄ የጠጣበት ሰው ኮሶ አይዘውም ይላል አንዱ። ሌላው ይስቅበታል። ሦስተኛው ስልኩን አውጥቶ በቴሌግራም የደረሰውን የዝንጅብልና የማር መድኃኒት ያነብላቸዋል። ክርክሩ ይቀጥላል። ክርክር የማይነሣበት፣ ሽማግሌውም ተማሪውም በአንድ ድምፅ የሚያጸድቀው አስተያየት አንድ ብቻ ነው፤ መስኮት ከተከፈተ ነፋስ ይመታል!

የዛሬው ጠቤ ከዚህ አስተያየት ጋር ነው። ሌሎቹ ቢጎዱ የሚጎዱት ያመነባቸውን ሰው ነው። አረቄውን የተማመነ ኮሶውን ራሱ ይሸከማል። የመስኮቱ ነገር ግን ይለያል። አንድ ሰው ስላመነ ተሳፋሪው ሁሉ የታፈነ አየር ይተነፍሳል።

ሥርዓቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሚኒባሱ ከልኩ በላይ ጭኗል። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ ሌላ ሰው ይጨምራል። አንድ ወጣት መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ገፋ ሲያደርግ ከኋላው «ወንድሜ፣ ዝጋው እባክህ፣ ነፋስ ይመታኛል» የሚል ድምፅ ይሰማል። ወጣቱ ቢያንገራግር «የዛሬ ልጆች!» ተብሎ ይሰደባል። በዚያው መኪና ውስጥ አንድ ሰው ወለቴ እስኪደረስ ድረስ አፉን ሳይሸፍን ሲስል ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። እኛ ዘንድ ባለጌ የሚባለው መስኮት የከፈተ እንጂ ሰው ላይ ያሳለ አይደለም!

ለመሆኑ ነፋስ ምን በደለን? ጉንፋን የሚመጣው ከሰው ወደ ሰው በሚተላለፍ ቫይረስ ነው። በብርድ ወራት የሚበዛበትም አንዱ ምክንያት ሰው በር ዘግቶ፣ ተፋፍጎ ስለሚቀመጥ ነው። ነፋስ እንደምንለው ሰው የሚፈጅ ቢሆን ኖሮ ከወጨጫ ተራራ ሥር ከብት የሚጠብቀው እረኛና ሜዳ ላይ የሚያርሰው ገበሬ ገና ድሮ ባለቁ ነበር። እነሱ በነፋስ ውለው ያድራሉ። ነፋስ የሚያስፈራን እኛ በመኪና የምንሄደውን ነው።

ነገሩን ከቀልድ የሚያወጣው ደግሞ ቲቢ ነው። የጅማን መንገድ ይዞ ከሳር ቤት የሚወርድ መንገደኛ ዘነበወርቅ ላይ የአለርትን አጥር ያልፋል። አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመ ሲሆን፣ ቲቢም ከሥራው አንዱ ነው። ከዚያ አለፍ ብሎ ያለ አንድ ሠፈር ስሙ አየር ጤና ነው። የቲቢ ሐኪሞች ያሉበትን ግቢ አልፈን፣ «አየር ጤና» ብለን ከጠራነው ሠፈር ተሳፍረን፣ አየር እንዳይገባ መስኮት እንዘጋለን። ከዚህ የባሰ ምጸት ማን ይጻፍ?

ሮበርት ኮክ የቲቢን ባክቴሪያ ማግኘቱን ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። በሽታው ዛሬም አልጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ 1.25 ሚሊዮን ያህል ሰው ገድሏል። ኢትዮጵያም ቲቢ ከጸናባቸው 30 አገሮች መዝገብ ውስጥ ናት። የሳንባ ቲቢ ያለበት ሰው ሲያስል ወይም ሲናገር የሚወጣው ባክቴሪያ በተዘጋ ቦታ ለሰዓታት አየር ላይ ይንሳፈፋል። አየር ሲገባ ይበተናል። በአንድ ጉዞ ሰው ሁሉ ይያዛል ማለቴ አይደለም፤ በሽታው በአብዛኛው የሚጋባው ረዥም ሰዓት ደጋግሞ አብሮ በመተንፈስ ነው። ነገር ግን የዓለም ገና ሠራተኛ ጧትና ማታ፣ ዓመቱን ሙሉ ይመላለሳል። ሾፌሩና ረዳቱ ደግሞ ከንጋት እስከ ምሽት ከዚያች ሣጥን አይወጡም። ስለ ረዳቱ ሳንባ ያሰበ ማን አለ?

የመስኮት ጥቅም በቁጥርም ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት፣ በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ በሚገኙ ሆስፒታሎች በርና መስኮት ሲከፈት የክፍሉ አየር በሰዓት 28 ጊዜ ያህል ይለወጥ ነበር። በማሽን አየር በሚሰጣቸው ክፍሎች ግን 12 ጊዜ ነው። እንግዲህ ድሃ ነን ማለት እዚህ ላይ ሰበብ አይሆንም። መስኮት ቀረጥ የለውም!

«አቧራውስ? ሕፃን የያዘችዋስ? አስም ያለበትስ?» የሚለኝ አንባቢ እውነት አለው። የከባድ መኪና ጭስና አቧራ ቀልድ አይደለም፤ አስም ያለበትን ቀዝቃዛ አየር ሊያስነሣበት ይችላል። ለዚህ መልሱ ሕፃን የያዘችውንና በሽተኛውን ከመስኮቱ አርቆ ማስቀመጥ፣ አቧራ ባለበት ሥፍራ ለጊዜው መዝጋት ነው። ሁሉንም መስኮት መንገዱን ሙሉ መጠርቀም መልስ አይሆንም።

አንችልም እንዳንል ችለን አይተነዋል። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲገባ ታክሲዎች በግማሽ እንዲጭኑ ታዘዘ፣ መስኮት ክፈቱ ተባለ፣ ተከፈተ። ያን ጊዜ ነፋስ መትቶት ከወንበሩ የወደቀ ተሳፋሪ አልታየም። ገደቡ ሲነሣ መስኮቱም ተመልሶ ተዘጋ። መንግሥት ሲያዝ የሚከፈት፣ ትእዛዝ ሲነሣ የሚዘጋ ከሆነ መስኮቱ ሳይሆን አእምሯችን ነው የተዘጋው።

ከሁለት ሳምንት በላይ የሳለ ሰው ጤና ጣቢያ ይሂድ። የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል፣ በአብዛኛው በስድስት ወር ያድናል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉት አባቶቻችን ናቸው። ረዳቶች «ሒሳብ» እንደምትሉት ሁሉ «መስኮት» ማለትን ልመዱ። መስኮቱ የተነቀለበት ወይም አልንቀሳቀስ ያለበት ባለመኪና ያሠራው። ብርድ የፈራም ጋቢውን ይደርብ፣ ነጠላውን ይከናነብ። ልብስ የግል ነው፤ አየር ግን የጋራ ነው።