ስለ ሞተር ልጓም

በሹም አቦ በተከራየናት ክፍል ውስጥ ማታ ከጥናት በኋላ በስልክ የምናየው አንድ ዓይነት ፊልም ነበረ። ያረጀ ቱርቦ ስፖርት መኪና በቆመበት ነዳጁ እስከ መጨረሻው ይረገጣል፤ ድምፁ እየጨመረ ሄዶ አንድ ቦታ ሲደርስ እንደ መትረየስ ይንጣጣል፤ ከማርሚታውም እሳት ይወጣል። እኛም ከሚያጨበጭቡት ነበርን። ያ መንጣጣት የሞተር ልጓም መሆኑን፣ ልጓሙም የሚገታውንና የማይገታውን ለይተን ያወቅነው ግን በዓባይ በረሃ ነው።

ባለፈው ዓመት ለዕረፍት ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ፣ ደጀንን አልፈን ወደ በረሃው መውረድ እንደ ጀመርን የሚኒባሱ ሾፌር ናፍታ ልቆጥብ ብሎ ማርሹን ነቀለና በፎሌ ለቀቀው። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው የሕዳሴ ድልድይ እስካለበት ድረስ ቁልቁለቱ ከ1000 ሜትር ይበልጣል። ብዙ ሳንወርድ የፍሬን ሸራ ሽታ መጣ። አንዲት እናት «ኧረ ቀስ በል ልጄ» አሉት። እኛ አምስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተቀምጠን አንድ ቃል አልተነፈስንም። ፍሬኑ አልይዝ ባለ ጊዜ ሾፌሩ ደንግጦ ማርሹን ሁለተኛ ውስጥ ከተተው። ሞተሩ ጮኸ፤ ከዚያም አንድ ነገር ተሰበረ፤ መኪናው በተራራው ወገን ከተቆለለ አፈር ጋር ተላትሞ ቆመ። የሞተ ሰው የለም። ሾፌሩ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ፣ «ሞተሩ እኮ ራሱን ይገታል ብለውኝ ነበር» እያለ ይደጋግም ነበር።

የነገሩት ሰዎች አልዋሹትም፤ ግማሹን ብቻ ነው የነገሩት።

እኛ የአርት ተማሪዎች ነንና ነገሩን ከፖሊ ጓደኞቻችን ጠይቀን ተረዳን። ፒስቶን በወጣና በወረደ ቁጥር የያዘውን ብረት ይጎትታል፤ የጉተታውም ኃይል የሚያድገው በዙሩ ካሬ ነው። በደቂቃ 6000 ዙር የሚዞር ሞተር 7200 ቢዞር፣ ዙሩ ከመቶ 20 ሲጨምር ጉተታው ከመቶ 44 ይጨምራል። ቫልቮላዎቹን የሚዘጋው ሞላም መከተል ይሳነውና ገና ሳይዘጉ ፒስቶኑ ይደርስባቸዋል። ልጓም ያስፈለገው ስለዚህ ነው።

በድሮዎቹ የቤንዚን መኪናዎች፣ ለምሳሌ በፖርሽ 911፣ ብልሃቱ እጅግ ቀላል ነበር። ለካንዴላዎቹ እሳት እያከፋፈለ በሚሽከረከረው ክንድ ላይ አንዲት ትንሽ ክብደት በሞላ ተይዛ ትቀመጣለች። ዙሩ ከልክ ሲያልፍ ሞላውን አሸንፋ ወደ ውጭ ትገፋና እሳቱን ወደ ሌላ መንገድ ታሾልከዋለች፤ ዙሩ ሲወርድ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች፤ እንደገናም ትወጣለች። መንጣጣቱ ይኸው ነው። ቱርቦ ሲመጣ ግን ችግር ተከተለ፤ እሳት ያጣው ቤንዚን ሳይቃጠል ወደ ጋለው የጭስ ቧንቧ ያልፍና እዚያ እየፈነዳ፣ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚዞረውን የቱርቦ ተሽከርካሪ ይደበድበዋል። በዚህ ምክንያት በብዙዎቹ ላይ ነዳጁን መቁረጥ ተመረጠ፤ እርሱም ቢሆን ፈጽሞ መቆረጥ አለበት፤ ቱርቦው አየር እየነፋ ነዳጁ በከፊል ቢጎድል ቃጠሎው ከልክ አልፎ ፒስቶን ይበሳል። ያጨበጨብንለት እሳት እንግዲህ የቱርቦው ስቃይ ነበር።

ናፍታ ሞተር ካንዴላ የለውም። የድሮዎቹ ልጓም በፖምፓው ውስጥ ያሉ የሚሽከረከሩ ክብደቶች ናቸው፤ ዙሩ ሲያልፍ እየተዘረጉ ናፍታውን ይቀንሳሉ። ጄምስ ዋት እ.ኤ.አ. በ1788 በእንፋሎት ሞተር ላይ ያዋለው ብልሃት ነው። በአዲሶቹ ይህን ሥራ ኮምፒውተር ተክቶታል።

እሳት ቢቆረጥ፣ ነዳጅ ቢቆረጥ፣ ክብደት ቢሆን፣ ኮምፒውተር ቢሆን፣ እነዚህ ሁሉ የሚገቱት ሞተሩ ጎማውን ሲያዞር ነው። በቁልቁለት ነገሩ ይገለበጣል፤ ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል። በአራተኛ ማርሽ 2500 የሚዞር ሞተር በዚያው ፍጥነት ሁለተኛ ቢከተትበት ከ5500 ሊያልፍ ይችላል፤ ልጓሙ በ4500 ነዳጁን ቢዘጋም የሚሰማው የለም። በፊልሙ የምናየው ውድ መኪናም የሚሰበረው እንዲሁ ነው፤ ነጂው አራተኛ ላስገባ ሲል ሁለተኛ ያስገባል። የፍጥነት መገደቢያ የተገጠመለት መኪናም ቢሆን በቁልቁለት ፍሬን የሚሆንለት የለም፤ መገደቢያው የሚያውቀው ነዳጅ መከልከል ብቻ ነው። ከላይ ጀምሮ በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ግን ሞተሩን ራሱን ፍሬን ያደርገዋል፤ በማርሽ ሲወርድ ነዳጅ መስጫው ካልተረገጠ ደግሞ ሞተሩ የሚጠጣው ናፍታ ከምንም አይቆጠርም። ያ ሾፌር በፎሌ ወርዶ ሊቆጥብ ያሰበው የጥቂት ብር ናፍታ ነበር!

በበኩላችን ጥፋቱን በሾፌሩ ላይ ብቻ አንጥልም። በምልልስ ቁጥር እየከፈለ የሚያጣድፈው ባለንብረት አለ። ጉልበት እንዲጨምርለት ብሎ የፖምፓውን ማኅተም የሚያስበጥስ አለ፤ የሚበጥስለትም አለ። መኪና ሲሸጥ «ራሱን ይገታል» ብሎ የሚያልፍ አለ። የተማርን ነን እያልን ደግሞ፣ ያልተማሩት እናት ሲናገሩ ዝም ያልን እኛ አለን። ማፈራችንን እዚህ ላይ ብንጽፈው ይሻላል።

መንገዱ ሰላም ሲሆን አብዛኞቻችን ወደ ቤት የምንሄደው በዚያው ቁልቁለት ነው። የፖሊ ጓደኞቻችን አንድ አሮጌ ፖምፓ ከፍተው ሊያሳዩን ፈቃደኞች ናቸው፤ የተማሪዎች ማኅበር አዳራሽ ይፍቀድልን፤ የከተማው ሾፌሮችም ይጠሩ፤ እነርሱም የሚያስተምሩን አይጠፋም። የዚያ ሚኒባስ ሞተር ጋራዥ ከተከፈተ በኋላ ሾፌሩ የተጣመመውን ቫልቮላ ለአንዱ ጓደኛችን ሰጥቶታል። በማኅበሩ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት መያዣ ሆኗል፤ ማየት የሚፈልግ ይምጣ።