ሥዕሉ ተሰቀለ፣ ሰዉ ተነቀለ

የብስኩት ቆርቆሮ የሌለበት የከተማ ቤት ጥቂት ነው። ብስኩቱ ካለቀ ዓመታት ቢያልፉም ቆርቆሮው አይጣልም፤ መርፌና ክር፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ የመብራት ደረሰኝ ይቀመጥበታል። ክዳኑ ላይ ያለውንም ሥዕል ሁላችን እናውቀዋለን። ዝቅ ያለ የድንጋይ ቤት፣ ግድግዳውን የወጣ ጽጌረዳ፣ ከኋላው አረንጓዴ ኮረብታ፣ በሸለቆው መካከል የሚጥመለመል ወንዝ። ሰው የለም። ቢኖርም ፊቱ የማይለይ አንድ ጋሪ ነጂ ነው። ለብዙዎቻችን የብሪታንያ ገጠር ማለት ይኸው ክዳን ነው።

ከክዳኑ ጋር አብሮ የሚኖር አባባልም አለን። አንድ አሮጌ ሰፈር በፈረሰ ቁጥር፣ «ፈረንጅ ቢሆን ድንጋዩን እንኳ አይነካም ነበር» እንላለን። የሰማውም ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። የእኔ ክርክር ከዚህ አባባል ጋር ነው። ፈረንጅ ድንጋዩን ነክቷል። መንደሩን በውኃ አጥለቅልቋል፣ ሸለቆውን የመድፍ መለማመጃ አድርጓል። ያልነካው ሥዕሉን ነው። ሥዕልን መጠበቅና ትዝታን መጠበቅ ደግሞ አንድ አይደሉም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ አንዱ የሌላው መሸፈኛ ሆኖ ይገኛል። (ከአንድ ቦታ በቀር ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ከሁሉ ይልቅ በየካላንደሩ ከሚታተመው ሥዕል እንነሣ። ጆን ኮንስታብል «የድርቆሽ ጋሪ» በሚል ስም የታወቀውን ሥዕሉን ለሕዝብ ያሳየው በ1821 ነው። ቦታው በሰፎክ፣ በአባቱ ወፍጮ አጠገብ ነው፤ ሥዕሉን የሠራው ግን ለንደን ተቀምጦ ነው። ጋሪው ወንዝ ውስጥ ቆሟል፣ ውሻው ዳር ላይ ነው፣ ዳመናው ውብ ነው። ዓለም ሁሉ ሰላም ይመስላል። በዚያው በምሥራቅ እንግሊዝ በ1816 የራቡ የእርሻ ሠራተኞች ተነሥተው ከመካከላቸው 5 ሰዎች ኢሊ በምትባል ከተማ ተሰቅለዋል። ሥዕሉ በታየ በዓመቱ፣ በ1822፣ በሰፎክና በኖርፎክ የቀን ሠራተኞች እንጀራቸውን የነጠቃቸውን የእህል መውቂያ መኪና ይሰባብሩ ነበር። ከ1604 እስከ 1914 ድረስ የእንግሊዝ ፓርላማ የወል መሬት እየታጠረ የግል እንዲሆን ከ5,200 በላይ ሕጎች አውጥቷል፤ በዚህም 6.8 ሚሊዮን ኤከር ያህል፣ ማለትም ከአገሪቱ መሬት ከአምስት እጅ አንዱ፣ ታጥሯል። ያ የምናደንቀው በአጥር ተክል የተሸነሸነ አረንጓዴ መስክ፣ በአብዛኛው፣ ላሙን የሚያግድበት ሜዳ የተወሰደበት ድሃ ታሪክ ነው።

ኮንስታብል ይናቅ ማለቴ አይደለም። ዳመና መሣልን ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ ብዙ አይገኝም። እኔን የሚከነክነኝ ሥዕሉን አንሥቶ «እንዲህ ነበርን» የሚለው ነጋዴ ነው።

ከሣዓሊው በኋላ ፎቶግራፍ አንሺው መጣ። ፍራንሲስ ፍሪዝ በ1860 ያቋቋመው ድርጅት የብሪታንያን ከተማና መንደር አንድ በአንድ አንሥቶ በፖስት ካርድ ሸጧል። ሰውየው ከዚያ በፊት ግብፅና ፍልስጥኤምን ያነሣ ነበር፤ ካሳተማቸው ጥራዞች አንዱ «ላይኛው ግብፅና ኢትዮጵያ» የሚል ርእስ ነበረው። እኛን አነሣን ብሎ የሚኮራ እንዳይኖር ልንገር፦ ኢትዮጵያ ያላት ኑቢያን ነው። መንደሮቹን ግን ስማቸውን አልሳተም። በካርዱ ግርጌ የቦታ ስምና ቁጥር አለ። በሩ ላይ የቆመችው ሴት ማን እንደሆነች፣ ቤቱ የማን እንደሆነ፣ ኪራይ ለማን እንደምትከፍል የለም። ለመሸጥ አያስፈልግም ነበርና።

የመንደሩ ሰው ትዝታ የሚጀምረው ግን ካርዱ ዝም ካለበት ቦታ ነው። ካፔል ኬሊን በሰሜን ዌልስ፣ ባላ ከምትባል ትንሽ ከተማ አቅራቢያ፣ በትሪወሪን ወንዝ ሸለቆ የነበረች መንደር ናት። የጸሎት ቤት ከነመቃብር ቦታው፣ ትምህርት ቤት፣ ፖስታ ቤት፣ አንድ ደርዘን ያህል መኖሪያና እርሻ፤ ሀብቷ ይኸው ነበር። ሌላ ሀብቷ ዌልሽኛ ነው፤ ሕፃኑም ሽማግሌውም የሚኖረው በዚያ ቋንቋ ነበር። የሊቨርፑል ከተማ ምክር ቤት ሸለቆውን ገድቦ ውኃ ሊያጠራቅም እንዳሰበ ነዋሪዎቹ የሰሙት ከጋዜጣ ነው። በኅዳር 1956 መንደርተኛው ልጆቹን ይዞ ሊቨርፑል ድረስ ሄዶ በጎዳና ተሰለፈ። ከተማዋ በአካባቢው አስተዳደሮች ደጅ መጥናት ስላልፈለገች በቀጥታ ወደ ፓርላማ ሄደች። ከ36ቱ የዌልስ ተወካዮች 35ቱ ተቃወሙ። ሕጉ በ1957 ጸደቀ። የአንድ ሕዝብ እንደራሴዎች በሙሉ ማለት ይቻላል አይሆንም ያሉት ነገር በዓለም አንጋፋ በሚባለው ፓርላማ ሆነ ማለት ነው።

ከመንደሩ 67 ነዋሪዎች 48ቱ ቤታቸውን አጡ። 800 ኤከር መሬት ውኃ ገባበት። ከመቃብሩ የስምንት ሰዎች አፅም በቤተሰብ ጥያቄ ወጥቶ ተዛወረ፤ የቀሩት በሲሚንቶ ተለብጠው ከሐይቁ በታች ቀሩ። በጥቅምት 1965 ግድቡ ሲመረቅ ተቃዋሚዎች የድምፅ ማጉያውን ሽቦ ቆረጡት፤ ሥነ ሥርዓቱ በሦስት ደቂቃ አበቃ።

ታዲያ የካፔል ኬሊን ፎቶግራፍ የለም ወይ? አለ። ያውም ብዙ። ጄፍ ቻርልስ የሚባል የዌልስ ጋዜጠኛ ልጆቹን በትምህርት ቤታቸው፣ ሰልፈኞቹን በሊቨርፑል ጎዳና፣ ቤቶቹን ሲፈርሱ አንሥቷቸዋል። የሰውየው 120,000 ያህል ኔጋቲቮች ዛሬ አበሪስትዊዝ ባለው የዌልስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ልዩነቱን ልብ በሉ። የቻርልስ ሥዕል ሰው አለበት፣ ሰዉም የሚለው ነገር አለው። ወደ ብስኩት ክዳን ቢወስዱት አይሸጥም።

ሌላም ምስል አለ፤ እሱ እንኳ ሥዕል አይባልም። ሜክ ስቲቨንስ የተባለ ደራሲ በ1960ዎቹ ከመንገድ ዳር በፈረሰ ቤት ግድግዳ ላይ «ትሪወሪንን አስታውሱ» የሚል ጽሑፍ በቀለም ጻፈ። የመጀመሪያው ጽሑፍ በዌልሽኛ ሰዋስው ስሕተት ነበረበት፤ በኋላ ሌሎች አረሙት። በ2019 ግድግዳውን በሌላ ጽሑፍ ያበላሸ፣ ቀጥሎም ከፊሉን ያፈረሰ ሰው ተገኘ። ያን ጊዜ ሕዝቡ ያንኑ ቃል በዌልስ ዙሪያ በየግድግዳው ገለበጠው። የሊቨርፑል ምክር ቤት በ2005 ይቅርታ ጠይቋል፤ ከ40 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ለዚያ ያደረሰው በየዓመቱ የሚታተመው የሸለቆ ካላንደር ይመስላችኋል? እኔ አይመስለኝም። ግድግዳውና በየቤቱ የቀረው ወሬ ነው።

ወደ እንግሊዝ እንሻገር። ማርዴል የምትባል የተራራ መንደር በማንቸስተር ከተማ ውኃ ምክንያት በ1930ዎቹ ጠፍታለች። ከቤተ ክርስቲያኗ ግቢ የ97 ሰዎች አፅም ወጥቶ ወደ ሌላ ቦታ ተወስዷል፤ የቤተ ክርስቲያኑም ድንጋይ ሐይቁ ዳር ላለው የውኃ መሳቢያ ማማ ዋለ። በ1984ና በ1995 ድርቅ ሐይቁ ሲጎድል ፍርስራሹ ብቅ አለና ሕዝቡ ካሜራውን ይዞ ጎረፈ። ደርቢሸር ውስጥ ደግሞ ደርዌንት የምትባለው መንደር ከሌላ ሐይቅ ሥር ገብታለች። እዚያ የነበረ አሮጌ የጭነት ፈረስ ድልድይ ግን ድንጋዩ አንድ በአንድ ተነቅሎ ከወንዙ ወደ ላይ ራቅ ብሎ እንደገና ተሠርቷል። አያችሁ፣ «ድንጋዩን እንኳ አይነካም» የምንለው ይህን ነው። ድልድዩ ተነሥቶ ቆመ፤ የሚሻገርበት መንደር የለም።

አሁን ሊሰጠኝ የሚችለውን መልስ ልውሰድ። «ከተማው ውኃ አይጠጣ?» ይባል ይሆናል። ይጠጣ እንጂ! በርሚንግሃም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሕዝቧ በቆሻሻ ውኃ በሽታ ይሞትባት ነበር። ከዌልስ ኢላን ሸለቆ 118 ኪሎ ሜትር ያህል ውኃ በራሱ ቁልቁለት እንዲወርድ የተደረገው ሥራ፣ ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ በ1904 የመረቁት፣ እንደ ምሕንድስና የሚያስደንቅ ነው። ነገር ግን ከዚያ ሸለቆ ከ100 በላይ ሰዎች ሲነሡ ካሳ የተከፈለው ለባለ መሬቶች ብቻ ነው። አብዛኛው ነዋሪ ጭሰኛ ነበር፤ ጭሰኛ ባዶ እጁን ሄደ። ዛሬ የኢላን ሐይቆች በፖስት ካርድ የሚሸጡ ውብ ቦታ ሆነዋል። የሚያስቆጣኝ ውኃው መጠጣቱ ሳይሆን ያን ካርድ ገዝተን «ያልተነካ ተፈጥሮ» ማለታችን ነው።

«የድሮ ኑሮ ምን ያስናፍቃል?» የሚልም አይጠፋም። እውነት ነው፣ አያስናፍቅም። የደቡብ እንግሊዟ ታይነም በታኅሣሥ 1943 ለጦር ሠራዊት ልምምድ ተብላ 225 ሰዎቿን አስወጥታለች፤ እንመለሳለን ብለው የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ማስታወሻ ትተው ነበር፤ በ1948 መንግሥት መሬቱን ገዝቶ አስቀረው። ያው መንደር ግን ከጦርነቱ በፊትም እየመነመነ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ተማሪ አጥቶ በ1932 ተዘግቷል። ይህን የሚነግረን የቦታው ሰው ትዝታ ነው፤ ጎብኚ የሚያነሣው የፈረሰ ግድግዳ አይደለም። የአገሬው ትዝታ ጣፋጭ ስላልሆነ ነው የምከራከርለት። ብርዱን፣ ኪራዩን፣ የባለ መሬቱን ፊት፣ የጎረቤትንም ጠብ ይዟል።

እኛስ? በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ስትፈርስ የድሮ ፎቶግራፎቿ በየስልኩ ዞሩ። ሕንፃው ሁሉ አለ፤ ከሥሩ ግን «ፒያሳ ድሮ» ተብሎ ከመጻፍ ያለፈ ያየሁት ጥቂት ነው። በዚያ በረንዳ ስንት ዓመት ማን ኖረ? ወዴት ሄደ? በዚህ በኩል ከፍሪዝ ካርድ ሸሻጭ አልተሻልንም። ከዚህ በላይ የማልወደው ግን ሌላኛውን ወገን ነው፤ «ሠልጥነዋል የሚባሉትም አፍርሰዋል» ብሎ የሊቨርፑልን በደል እንደ ፈቃድ ወረቀት የሚያሳየንን። ሊቨርፑል ይቅርታ የጠየቀችበትን ነገር ምስክር አድርጎ መጥራት ምን የሚሉት ሙግት ነው?

ያለፈ ነገር ነው ለሚለኝ ደግሞ ኤፒንት አለለት። በዚህ የመካከለኛው ዌልስ ተራራ በ1940 ሠራዊቱ ከ54 ቤቶች 219 ሰዎችን አስወጣ። መሬቱ ዛሬም የተኩስ መለማመጃ ነው፤ አልተመለሰም። የዌልስ ብሔራዊ ሙዚየም ባልደረባ የነበረው ዮርወርዝ ፒት በመልቀቂያው ሰሞን የአገሩን ኑሮ ሊመዘግብ እዚያ ሄዶ ነበር። አንዲት አሮጊት ከቤታቸው ደጅ ወንበር ላይ ተቀምጠው እያለቀሱ አገኛቸው። ከየት እንደመጣ ጠየቁትና ቶሎ ወደ መጣበት እንዲመለስ መከሩት፤ እዚህ የዓለም መጨረሻ ሆኗል አሉት። ሠራዊቱ በኋላ እዚያው ሸለቆ ውስጥ ወታደሮች የከተማ ውጊያ የሚለማመዱበት መንደር ሠርቷል፤ ግድግዳና ጣሪያ ያላቸው፣ ማንም ያልኖረባቸውና የማይኖርባቸው ቤቶች። ይህኛውን መንደር በብስኩት ክዳን ላይ እስካሁን አላየሁትም።