የተሰረቀ ፎቶሾፕ እስከ መቼ?

ጎበዝ! የሌባ ዕቃ ይዘን ስንሠራ ያላፈርነው እኮ ሁላችንም ስለያዝነው ነው።

ሰሞኑን ላንቴ ነበርኩ። ከአርባ ምንጭ ወደ ምዕራብ አባያ ሲኬድ ያለችው የሙዝ አገር። የእህቴ ልጅ እዚያ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሠርግ ጥሪና ባነር ይሠራል፤ ሐዘን ሲሆን የሟች ፎቶ ያሳድጋል። ከክራክ ፎቶሾፕ ጋር ተደብቆ የገባ ቫይረስ የሁለት ዓመት ሥራውን በላበት። “ጋሼ፣ ከእንግዲህ ሊኑክስ ነው” አለኝ።

ሊኑክስ ዊንዶውስን የሚተካ፣ ማንም በነፃ የሚያወርደው ነው። ግን አዶቤ ፎቶሾፕን ለሊኑክስ ሠርቶ አያውቅም። ኮረል እ.ኤ.አ. በ2000 ኮረል ድሮውን አውጥቶለት ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ተወው። ታዲያ ልጁ በጂምፕና በኢንክስኬፕ ይሠራል።

ለምን አይገዛም ትሉኝ ይሆናል። አዶቤ ከ2013 ወዲህ አዳዲሶቹን አይሸጥም፣ ያከራያል፤ ኪራዩም በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር ሲለቀቅ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ለመሆኑ የላንቴ ልጅ ዶላር የሚከፍልበት ካርድ ከየት ያምጣ?

መቼም እውነቱን ካልተናገርን አይሆንም፤ ነፃዎቹ ጉድለት አለባቸው። ማተሚያ ቤት የሚፈልገውን ባለ አራት ቀለም አሠራር፣ በ2025 የወጣው ጂምፕ 3 እንኳ በቀጥታ አይሠራበትም። ለዚያ ወደ ክሪታ ወይም ስክራይበስ መሄድ ግድ ነው። በድሮ ፓወር ግዕዝ የተለቀመ ጽሑፍማ አይነሳ! ፊደሉ ከሌለ አማርኛው የፈረንጅ ፊደል ዝባዝንኬ ሆኖ ይወጣል። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ እኛ ግን ዛሬም የድሮውን ይዘን እንጓተታለን።

ነፃ ስለሆነ የልጆች መጫወቻ የሚመስለው ካለ ደግሞ ይስማ፤ በ2025 በአኒሜሽን ኦስካር የወሰደው የላትቪያው “ፍሎው” የተሠራው በነፃው ብሌንደር ነው።

እና መንግሥታችንስ? በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራም በሕግ የተጠበቀ ነው ብሎናል። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ “ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025” የሚል ስትራቴጂ አጸደቀ። እንግዲህ ንገሩኝ፤ ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚያገኝ ሰው ኪራዩን መክፈል ካቃተው፣ የሙያ ኮሌጅ ተማሪ በምን አቅሙ ነው ሕግ የሚያከብረው? ከፎቶሾፕ ጎን ጂምፕንና ብሌንደርን ማስተማር ዶላር አይጠይቅም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ባነር ሲያሠራ “በፒዲኤፍ ብታመጣም እንቀበላለን” ማለትም ሳንቲም አያስወጣም።

ልጁ አንድ ማተሚያ ቤት በጂምፕ የሠራውን ይዞ ሄዶ “በፎቶሾፕ ካላመጣህ አንነካም” ተባለ። ምን ያድርግ? ጎረቤቱ ካለው ኮምፒዩተር ላይ ያንኑ ክራክ ፎቶሾፕ ለግማሽ ሰዓት ተከራየ።