ከገዳሪፍ ጨቅላ ይዞ መብረር

በኢትዮጵያዋ መተማ ዮሐንስና በሱዳኗ ገላባት መካከል ያለውን ድልድይ በእግር ለመሻገር ደቂቃዎች ይበቃሉ። በሁለቱ ዳርቻዎች መካከል ያለው የሰዓት ልዩነት ግን አንድ ሙሉ ሰዓት ነው። ሱዳን በጥር 1992 ዓ.ም ሰዓቷን ወደ ፊት ገፍታ ከኢትዮጵያ ጋር አስተካክላው ነበር፤ ጥቅምት 22 ቀን 2010 ዓ.ም መልሳ ወደ ኋላ ጎተተችው። መተማ ላይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሆን ገላባት ላይ ገና 1 ሰዓት ነው፤ ሱዳኖች ደግሞ ከእኩለ ሌሊት ጀምረው ስለሚቆጥሩ «ሰባት» ይሉታል። ነጋዴውና ሹፌሩ ይህን ሁሉ በልባቸው ሲያሰሉ ይውላሉ። እናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ የሚሻገረው ሕፃን ግን ምንም አይሰማውም። ፀሐይ በወዲህም በወዲያም እኩል ትወጣለች፤ የሕፃኑ ሰውነት የሚያዳምጠውም እሷን እንጂ የመንግሥትን አዋጅ አይደለም።

ጄት ላግ የሚባለው ችግር የሚመጣው ፀሐይዋ ራሷ ስትለወጥ ነው። አንጎል ውስጥ፣ የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ከሚገናኙበት በላይ፣ በዓይን የሚገባውን ብርሃን እየተከተለች እንቅልፍን፣ ረሃብንና የሰውነት ሙቀትን የምታዝዝ ትንሽ ክፍል አለች። አውሮፕላን በአንድ ቀን ሰባትና ስምንት የሰዓት ክልል ሲያሻግር እሷ የምትከተለው በቀን አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። እስክትደርስ ድረስ ሰውነት በአገሩ ሰዓት ይተኛል፣ በአገሩ ሰዓት ይርበዋል።

የመንገድ ድካም ግን ሌላ ነው፤ ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ስሕተት ነው። ልዩነቱን ከምሥራቅ ሱዳኗ ከተማ ከገዳሪፍ የበለጠ የሚያሳይ ቦታ አይገኝም። ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ዓ.ም በተካሄደው «የሙሴ ዘመቻ» ከ6,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን (የኢትዮጵያ አይሁዶች) በገዳሪፍ ዙሪያ ካሉት ካምፖች በሌሊት በአውቶቡስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ካርቱም ገቡ። ከዚያም የአንድ የቤልጅየም ኩባንያ አውሮፕላኖች በብራስልስ በኩል አዙረው ቴል አቪቭ አደረሷቸው። በመጋቢት ወር ደግሞ የአሜሪካ ሄርኩለስ የጭነት አውሮፕላኖች እዚያው ገዳሪፍ አጠገብ አርፈው የቀሩትን 500 ያህል ሰዎች በቀጥታ ወሰዱ። በዚያ ዘመን የሱዳንና የእስራኤል ሰዓት በፈረንጆች ክረምት አንድ ነበር። ከተሳፋሪዎቹ ማንም ሰዓቱን ማስተካከል አላስፈለገውም፤ ከሕፃናቱም አንዱ እንኳ ጄት ላግ ሊይዘው አይችልም ነበር። የደከሙት ከጎንደር ገጠሮች በእግር በመጡበት መንገድ፣ በካምፑ በሽታና በረሃብ ነው። በመንገድና በካምፕ ያለቀው ሰው 4,000 ያህል እንደሚሆን ይገመታል። በዚያች ሌሊት ልጇን ታቅፋ አውሮፕላን ውስጥ ለተቀመጠች እናት በረራው የጉዞዋ ቀላሉ ክፍል ነበር።

ዛሬም ከዚህ ድንበር ለሚነሳ ሰው ነገሩ ብዙም አልተለወጠም። በገዳሪፍ አካባቢ ያለው ኡም ራኩባ በ1977 ዓ.ም ስደተኛ የተጠለለበት ካምፕ ነበር፤ በኅዳር 2013 ዓ.ም ከትግራይ ለተሰደዱት እንደገና ተከፈተ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ አውሮፕላን ማረፊያው ከመጀመሪያዎቹ የውጊያ ሜዳዎች አንዱ ሆነና ብዙ ሰው ፊቱን ወደ ገዳሪፍና ወደ መተማ መለሰ። ስለ ሕፃንና ስለ በረራ የሚጻፉ ምክሮች ጉዞው ከኤርፖርት በር የሚጀምር ይመስላቸዋል። ከገዳሪፍ እስከ ገላባት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከመተማ እስከ ጎንደር ደግሞ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አለ፤ የሚያዝያ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ሕፃኑ ጎንደር፣ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ ጉዞው ተጋምሷል ማለት ይቻላል።

በዚያ ሙቀት መጠጣት ያለባት በመጀመሪያ እናት ናት። ስድስት ወር ያልሞላው ጨቅላ ጡት እስከጠባ ድረስ፣ በቆላም ቢሆን፣ ውኃም ስኳር የተበጠበጠበት ውኃም አያሻውም፤ ጡት ደጋግሞ ማቅረብ ይበቃዋል። እንዲያውም የመንገድ ውኃ ተቅማጥ ያመጣበታል። በዱቄት ወተት የሚያድግ ከሆነ ግን የተበጠበጠ ወተት ለሰዓታት ይዞ መሄድ አደገኛ ነው። ዱቄቱን በደረቁ፣ የፈላ ውኃ በፔርሙዝ ይዞ በየጊዜው መበጥበጥ ይሻላል።

የመተማ መንገድ አንድ ጥቅም አለው፤ ለበረራው ያለማምዳል። መተማ ከባሕር ጠለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። አውሮፕላን ከ10,000 ሜትር በላይ ቢበርም በውስጡ ያለው የአየር ግፊት እንዳይሳሳ ስለሚደረግ ተሳፋሪው የሚሰማው ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን ያህል ነው። በሌላ አነጋገር ጎንደር ላይ የተቀመጠ ያህል ነው። ዳገቱን ሲወጡ ጆሮ «ጧ» የሚለው በመሃል ጆሮ የታፈነው አየር መውጫ ሲያገኝ ነው። ጨቅላ ሕፃናትን ይበልጥ የሚያሳምመው ግን ቁልቁለቱ ነው፤ ሲወርዱ አየሩ ተመልሶ መግባት አለበት፣ የእነሱ የጆሮ ቱቦ ደግሞ ጠባብ ነው። ቱቦውን የሚከፍተው መዋጥ ነው። አውሮፕላኑ መውረድ የሚጀምረው ከማረፉ ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀድሞ ስለሆነ፣ የተኛ ሕፃንም ቢሆን ያኔ ቀስቅሶ ማጥባት ያዋጣል። ብዙ እናቶች «ተኝቶልኛል» ብለው ይተዉትና መንኮራኩሩ መሬት ሳይነካ ጩኸቱ ይጀምራል።

ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የአዋቂውን ዋጋ አንድ አሥረኛ ያህል ከፍሎ በእናቱ ጭን ላይ ይጓዛል። ከፊት ባለው ግድግዳ ላይ የሚሰካውን የሕፃን አልጋ ቲኬት ሲቆረጥ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ቦታው ጥቂት ነው፣ በብዙ አየር መንገዶች ከ10 ወይም ከ11 ኪሎ በላይ የሆነ ልጅም አይፈቀድለትም። ካልተገኘ አንቀልባ አለ። ለመነሳትና ለማረፍ ሕፃኑ ከጀርባ ወርዶ በተጨማሪው ቀበቶ ጭን ላይ መታሰር አለበት፤ በቀረው ጊዜ ግን ልጅ አዝሎ በመተላለፊያው ወዲያ ወዲህ እያሉ እሹሩሩ ማለትን የሚተካ ነገር እስካሁን አልተገኘም። ሕፃን እንዲተኛ የጉንፋን ወይም የአለርጂ ሽሮፕ መስጠት ግን ልማድም ቢሆን መቅረት ያለበት ነው። ፕሮሜታዚንን የመሳሰሉት ሁለት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ትንፋሽ ሊያቆሙ ይችላሉ።

ከዚያ በኋላ የሰዓቱ ጣጣ ይመጣል። ሁለት ሦስት ወር ያልሞላው ጨቅላ ቀንና ሌሊትን ገና ስላልለየ የሚዛባበት ሰዓት የለውም፤ የምትቸገረው እናቱ ናት። ከዚያ በላይ ያለው ልጅ ግን በሚገባ ይዛባል። ዋሽንግተን በፈረንጆች ክረምት ከኢትዮጵያ በስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ጎንደር ላይ ንጋት 12 ሰዓት ላይ መንቃት የለመደ ልጅ እዚያ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ፣ ቤተሰቡ ሊተኛ ሲል፣ ዓይኑን አፍጥጦ ጨዋታ ይጀምራል። የሚሻለው ሌሊቱን ሌሊት አድርጎ መቆየት ነው፦ መብራት አለማብራት፣ አጥብቶ መልሶ ማስተኛት፣ ሲነጋ ደግሞ ብርድም ቢሆን ሸፍኖ ወደ ውጭ ማውጣት። እናት ሌሊት የምታመነጨው ወተት እንቅልፍ የሚጠራው ሜላቶኒን አለበት፤ የቀኑ ወተት የለውም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ታልቦ የተቀመጠ ወተት ከሆነ የቀኑን ለቀን፣ የሌሊቱን ለሌሊት መለየት ዋጋ አለው። እንዲህ ከተያዘ ሳምንት ያህል ይበቃል። ወደ ምሥራቅ፣ ማለትም ወደ አገር ሲመለሱ፣ ይረዝማል፤ የሰውነት ሰዓት ከ24 ሰዓት ጥቂት ስለሚተርፍ ቀንን ማስረዘም ከማሳጠር ይቀለዋል።

ትኩሳት ግን የጄት ላግ ምልክት አይደለም። ከገዳሪፍና ከመተማ የመጣ ሕፃን ቢያተኩሰው፣ ቢያስመልሰው ወይም ጡት እንቢ ቢል «ጉዞው ነው» ብሎ ማሳደር አይገባም። ወባ ከትንኝ ንክሻ በኋላ ቢያንስ ሳምንት፣ አንዳንዴም ወራት ቆይታ ነው የምትነሳው፤ ስለዚህ ብቅ የምትለው ቤተሰቡ በረዶ አገር ገብቶ፣ ትንኝ የሚባል ነገር ከረሳ በኋላ ሊሆን ይችላል። የዚያ አገር ሐኪም ደግሞ ጉንፋን እንጂ ወባ ቶሎ ትዝ አይለውም። የትውልድ ቦታውንና ድንበሩን የተሻገሩበትን ቀን በግልጽ ነግሮ የደም ምርመራ ማስደረግ የወላጅ ድርሻ ነው። ገዳሪፍ ካላዛር የተባለው በሽታም ዋና ቀጠና ናት፤ እሱ ከወራት በኋላ በማያቋርጥ ትኩሳት፣ በክሳትና በጣፊያ እብጠት ይታያል። በዚያን ጊዜ ልጁ በአዲሱ አገር ሰዓት መተኛት ከጀመረ ቆይቷል፤ ጉዞውን የሚያስታውስ ሰው ከሐኪሙ ፊት ሊኖር ይገባል።