ቧንቧ በኮምፒውተር ውስጥ አይፈነዳም

በካፋ ዞን፣ ቢታ ገነት አካባቢ ላለ አንድ ቀበሌ ምንጭ አጎልብቶ ውሃ በቧንቧ ማውረድ ዛሬ አዲስ አበባ ቢሮ ተቀምጦም የሚነደፍ ሥራ ሆኗል። ነዳፊው ጉግል ኧርዝን ይከፍታል፤ ከምንጩ እስከ ማጠራቀሚያው ገንዳ ነጥብ በነጥብ መስመር ያሰምራል፤ ኬኤምኤል በሚባለው ፋይል ያስቀምጠውና ወደ ቧንቧ መንደፊያው ፕሮግራም ያስገባዋል። በዚያው ቀን የቧንቧው ርዝመት፣ ስፋትና ዋጋ ተዘርዝሮ ይወጣል። ለጨረታ ሰነዱም የቀረው ማኅተም ብቻ ይሆናል።

ቴክኖሎጂውን መንቀፍ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ1993 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኢፓኔት የተባለው ፕሮግራም ዛሬም በነጻ ይገኛል። አቅሙ ውስን ለሆነ ወረዳ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ጥያቄው ሌላ ነው፦ ፋይሉ ከካርታው ወደ ፕሮግራሙ ሲሻገር ምን ጥሎ ይሄዳል? የጣለውንስ ማን ይከፍላል?

መጀመሪያ የሚጥለው ከፍታን ነው። በጉግል ኧርዝ ላይ በእጅ የተሰመረ መስመር ሲቀመጥ አብዛኛውን ጊዜ የከፍታው ቦታ ዜሮ ተብሎ ይጻፋል። ምንጩም መንደሩም እኩል ባሕር ወለል ላይ ይሆናሉ ማለት ነው። ይህ ስሕተት ጮክ ብሎ ስለሚናገር ብዙም አያስፈራም። የሚያስፈራው ዜሮው በነጻ በሚገኝ የከፍታ መረጃ ሲሞላ ነው። ከእነዚህ መረጃዎች ዋነኛው በየካቲት 1992 ዓ.ም. የአሜሪካ መንኮራኩር በ11 ቀናት ውስጥ በራዳር የለካው ነው። ሲታቀድ የተፈቀደለት የከፍታ ስሕተት 16 ሜትር ነበር። ደን በሸፈነው ቦታ ደግሞ ራዳሩ የሚያነበው መሬቱን ብቻ ሳይሆን የዛፉንም ጫፍ ጭምር ነው። ካፋ ማለት በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ የቡና ደን ያለበት አገር መሆኑን ልብ ይሏል።

አሥር ሜትር ከፍታ አንድ ባር ያህል ግፊት ነው። ለምሳሌ ምንጩ 2,080 ሜትር፣ ገንዳው 2,000 ሜትር ላይ ነው እንበል። ልዩነቱ 80 ሜትር ስለሆነ አሥር ባር የሚችል የፕላስቲክ ቧንቧ ይበቃል ተብሎ ይጻፋል። ነዳፊው ግን ነጥቦቹን አራርቆ ሲጥል በመካከል ያለውን የወንዝ ሸለቆ ዘልሎት ይሆናል። የሸለቆው ወለል 1,930 ሜትር ከሆነ፣ ውሃው በቆመ ጊዜ እዚያ ያለው ግፊት 15 ባር ነው። ቧንቧው በኮምፒውተር ውስጥ አይፈነዳም፤ ሸለቆው ውስጥ ግን ይፈነዳል።

ርዝመቱም እንዲሁ ነው። መሬቱ በየመቶ ሜትሩ 30 ሜትር የሚወርድ ተዳፋት ከሆነ፣ በካርታ 4 ኪሎ ሜትር የተባለው መስመር በመሬት ላይ 176 ሜትር ያህል ይረዝማል።

ሁለተኛው ጣጣ የመገኛ ቁጥሮቹ ነው። 36ኛው ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ከቦንጋ በስተ ምዕራብ በካፋ በኩል ያልፋል። ይህ መስመር በዓለም አቀፉ የዩቲኤም አከፋፈል የ36ኛውና የ37ኛው ዞን ድንበር ነው። አንዱን ዞን በሌላው የቀየረ ሰው ምንጩን 660 ኪሎ ሜትር ያህል ያርቀዋል። ይህም ቶሎ ይታያል። የማይታየው ሌላ ነው፤ የአገራችን ነባር ካርታዎች አዲንዳን በተባለው መነሻ የተሠሩ ሲሆን ጉግል ኧርዝና ጂፒኤስ ግን ደብሊውጂኤስ 84 በተባለው ይሠራሉ። ሁለቱ ሳይታረቁ ቢቀላቀሉ መስመሩ 200 ሜትር ያህል ይሸሻል። በካፋ ኮረብታ ላይ 200 ሜትር ማለት ሌላ ሸለቆ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ተቋራጩ ዋጋ የሚሰጠው በሰነዱ ላይ በሠፈረው ሜትር ነው። ቦዩ ሲቆፈር ቧንቧው ያጥራል፣ ወይም ሌላ ዓይነት ቧንቧ ያስፈልጋል። ተጨማሪ ሥራ ይጠየቃል፤ ደብዳቤ ይመላለሳል፤ እስከዚያ ጥሬ ዕቃው ከውጭ የሚገባው የፕላስቲክ ቧንቧ ዋጋ ይጨምራል። አማካሪው ክፍያውን ወስዶ ሄዷል። ወረዳው ሌላ በጀት ይለምናል። እናቶች ደግሞ እንስራቸውን ይዘው ወደ ድሮው ወንዝ ይወርዳሉ።

“ቅየሳ ገንዘብ ይፈጃል፣ በጀቱ ትንሽ ነው” የሚሉ ወገኖች አሉ። እውነት አላቸው። ነገር ግን መስመሩን ሁሉ በሌቭል ለክታችሁ አምጡ ያለ የለም። ምንጩ፣ ገንዳው፣ ቦኖዎቹ፣ የወንዝ መሻገሪያዎቹና የኮረብታ ጫፎቹ ቢለኩ ትልቁ አደጋ ይወገዳል። በኮምፒውተር የተሰመረው መስመር ቀያሹን የት የት መሄድ እንዳለበት ያሳየዋል እንጂ አይተካውም።

ስለዚህ አሠሪ መሥሪያ ቤቶች በጨረታ ሰነዳቸው ላይ ሦስት ነገር ቢጨምሩ እንላለን። አማካሪው ከታተመው ሥዕል ጋር ፋይሉንም ያስረክብ። የተጠቀመበትን ዞንና የካርታ መነሻ በጽሑፍ ይግለጽ። በመሬት ላይ የተለኩትንና ከሳተላይት የተወሰዱትን ከፍታዎች ለይቶ ያሳይ፤ የቅየሳውም ክፍያ ለብቻው ይያዝ። ይህ ሁሉ ከአንድ ገጽ አይበልጥም።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። የፈሰሰ ውሃ ግን አይታፈስም።