በአንድ ወገን የተበላ ጎማ የማን ዕዳ ነው?

የጭነት መኪና ያለው ነጋዴ ሁሉ ስለ ጎማ ዋጋ ሲያማርር መስማት የተለመደ ነው፤ ምሬቱም ያለ ምክንያት አይደለም። ይልቁንም በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ጎማ የሚጠይቀው ብር እጅግ ከፍ ብሏል። ይሁን እንጂ ስለ ዋጋው ይህን ያህል ሲነገር ስለ ጎማው አላለቅ የሚነጋገር ሰው ጥቂት ነው። «ጎማው አለቀ» ይባላል፤ እንዴት እንዳለቀ ግን ጐንበስ ብሎ የሚመረምር የለም ለማለት ያስደፍራል።

በቅርቡ አንድ ወዳጄ የሆነ ነጋዴ ከመጋዘኑ ደጃፍ የተጣሉ ሁለት ጎማዎች አሳየኝ። ሁለቱም ከካሚዮኑ የፊት እግር የወረዱ ናቸው። በውጭ ወገን ያለው ጥርሳቸው ገና ጥልቅ ነበር፤ በውስጥ ወገን ግን ሽቦው እስኪታይ ድረስ ተልጠዋል። ወዳጄ በመጀመሪያ የሸጠለትን ባለሱቅ «የማይረባ ዕቃ ሰጠኸኝ» ብሎ ተጣላው፤ ቀጥሎም «አነዳድህ ነው» ብሎ ከሹፌሩ ደመወዝ ቀነሰ። አዲስ ጥንድ ሊገዛ ሲል አንድ ሽማግሌ ጎሚስታ መዳፉን በጎማው ጥርስ ላይ ወዲያና ወዲህ አሳለፈና፣ «ጌታዬ፣ ይህ የጎማውም የሹፌሩም ጥፋት አይደለም፤ እግሩ ተከፍቷል» አለው። በመሣሪያ ሲለካም ነገሩ እንደ ተባለው ሆኖ ተገኘ።

የነገሩ ምስጢር ይህ ነው። ሁለቱ የፊት ጎማዎች ትይዩ ሆነው መሽከርከር ሲገባቸው፣ ፊታቸው ወደ ውስጥ ከጠበበ ወይም ወደ ውጭ ከተከፈተ፣ እያንዳንዱ ጎማ ወደ ዞረበት አቅጣጫ ሊሄድ ይሻል፤ መኪናው ግን ቀጥ አድርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ ጎማው መንከባለል ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም እየተፋቀ ይጓዛል። ፊታቸው የጠበበ እንደ ሆነ የውጩ ጠርዝ፣ የተከፈተ እንደ ሆነ የውስጡ ጠርዝ ቀድሞ ይበላል። ሽማግሌው መዳፉን ያሳለፈበትም ምክንያት እንዲህ ያለው ጎማ ጥርሱ በአንደኛው አቅጣጫ ሲዳሰስ ልስልስ፣ በሌላው ሲዳሰስ ግን እንደ መጋዝ የሚቧጥጥ ስለ ሆነ ነው።

የንግድ ሰው ሒሳብ ይወዳልና ሒሳቡን እናስላ። ቁመቱ 1 ሜትር በሚሆን የካሚዮን ጎማ፣ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ከፊት ሲለካና ከኋላ ሲለካ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ይለያይ እንበል። ይህ ማለት በ1 ኪሎ ሜትር ጉዞ ሁለቱ ጎማዎች ተካፍለው 5 ሜትር ወደ ጎን ይገፋሉ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ በጋላፊ በኩል እስከ ጅቡቲ ያለው የመኪና መንገድ ከ800 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ነው። በ800ው ብቻ ብናባዛው 4 ኪሎ ሜትር ይመጣል፤ ይኸውም እያንዳንዱ ጎማ ከነጭነቱ 2 ኪሎ ሜትር ያህል በጎኑ እንደ ተጐተተ ይቆጠራል። ከዚህ ከፊሉን ላስቲኩ በመለጠጥ ቢችለውም፣ የቀረው በአስፋልቱ ላይ ተፍቆ የሚቀር ጎማ ነው። መመለሻውም እንዲሁ።

እርግጥ የጎማ አበላል ሁሉ ከዚህ የመጣ አይደለም። መካከሉ ብቻ ያለቀ ጎማ ነፋስ የበዛበት፣ ሁለቱም ጠርዞቹ ያለቁ ነፋስ ያነሰው ነው። በዚህ ረገድ አንድ ክፉ ልማድ አለ። አንዳንድ ሹፌሮች አዋሽን አልፈው ወደ ሚሌና ወደ ሰመራ ሲወርዱ ጎማው ግሎ ነፋሱ ጨምሮ ስለሚያገኙት ያስተነፍሱታል። ነፋስ ግን የሚለካው ጎማው ሲበርድ ነው። የጋለውን ያስተነፈሰ ሰው ጎማው ይበልጥ እንዲተጣጠፍ፣ በመተጣጠፉም ይበልጥ እንዲግል ያደርገዋል፤ መጨረሻውም መፈንዳት ነው። የፊት ጎማ በሙሉ ጭነት የፈነዳበት ካሚዮን ምን እንደሚሆን ለዚህ ጋዜጣ አንባብያን ማስረዳት አያስፈልግም።

ከኋላ በጥንድ የሚታሰሩትን ጎማዎችም አንዘንጋ። አዲሱን ካረጀው ጋር ቢያጣምሩት ትልቁ ሸክሙን ሲሸከም ትንሹ እየተንሸራተተ ያልቃል። የባሌስትራው የመካከል ቡሎን ቢቈረጥና የኋላው አክስል ቦታውን ቢለቅ ደግሞ፣ ሹፌሩ መኪናውን ቀጥ ለማድረግ መሪውን አዙሮ መንዳት ግድ ይሆንበታል፤ የበሽታው ምልክትም በፊት ጎማዎች ላይ ጭምር ይታያል።

ወደ ጋራዥ የሚሄዱትም ቢሆኑ ብዙዎች አላይመንትን ከባላንስ ጋር ያደባልቁታል። ባላንስ የጎማውንና የቸርኬውን ክብደት ማመዛዘን ነው፤ መሪው የሚንቀጠቀጥበት ሰው ይጠቀምበታል፤ የተከፈተውን እግር ግን አያቃናም። አላይመንቱም ቢሆን ኩሽኔታውና የመሪ ዘንጎቹ መገጣጠሚያ ላልተው ሳሉ ቢሠራ በመጀመሪያው ጉድጓድ ይፈርሳል። ይህን ሳይመረምር ገንዘብ የሚቀበል ጋራዥ አገልግሎት ሰጠ ሊባል አይገባውም።

እንግዲህ ሐሳቤን በግልጽ ልናገር። ሳይለካ ከሹፌር ደመወዝ መቍረጥ ግፍ ነው። «መኪናው አንድ ቀን ከሥራ ይቀራል» የሚለው ምክንያትም ከላይ ባሰላነው ሒሳብ ፊት አይቆምም። ጎማ አስመጪዎች ደግሞ ኮንቴይነር ሙሉ ጎማ ሲያስመጡ የመለኪያ መሣሪያና የሠለጠነ ሠራተኛ ነገር ትዝ አይላቸውም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ የካሚዮን ባለቤቶች ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ የኤሌክትሪክ መኪና በባትሪው ምክንያት እኩያው ከሆነው የነዳጅ መኪና ይከብዳል፣ ሲነሣም ጎማውን በኃይል ያሽከረክራል፤ የተዛባ እግር ይዞ ሲነዳ ጎማውን ፈጥኖ ይጨርሳል።

ለባለሱቆች የማቀርበው አሳብ ብዙ ወጪ የለበትም። ጎማ ሲሸጡ በደረሰኙ ላይ የመኪናውን የኪሎ ሜትር ቍጥርና የጥርሱን ጥልቀት በውስጥ፣ በመካከልና በውጭ ለክተው ይጻፉ። ገዢው «ዕቃህ አይረባም» ብሎ በተመለሰ ጊዜ ሦስቱን ቦታዎች እንደገና መለካት ነው። ሦስቱም እኩል ካለቁና የተጓዘው መንገድ ጥቂት ከሆነ ጥያቄው ወደ ጎማው ይሄዳል፤ አንዱ ጠርዝ ብቻ ካለቀ ግን ወደ መኪናው። እንዲህ ያለ ወረቀት ቢኖር ኖሮ የወዳጄ ክርክር በአንድ ሰዓት ባለቀ ነበር።

እርሱም ከሹፌሩ የቀነሰውን ገንዘብ መልሶለታል። ከባለሱቁ ጋር ግን እስከ ዛሬ አልታረቁም።