የፎገራ ጎርፍ የደኅንነት ጉዳይ ነው

የሀገር ደኅንነት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ድንበርና ጠመንጃን ነው። በሌላው ዓለም ግን የሒሳብ ሊቃውንት በዚህ ሥራ ላይ ከተሰማሩ ቆይተዋል። በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ሎውረንስ ዌን ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው ጥናት፣ መርዝ ወተት ውስጥ ቢጨመር ስንት ሰው እንደሚጎዳና ጥበቃው የት ላይ ቢጠናከር ጉዳቱ እንደሚቀንስ አስልቷል። ለእኛ ከዚያ የቀረበው ስጋት ከወረታ ከተማ እስከ ጣና ሐይቅ ዳር በተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ላይ በየክረምቱ የሚተኛው ውሃ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ በፎገራና በደምቢያ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብን ለጉዳት የዳረገው ይኸው ውሃ ነበር። እንዲህ ያለውን አደጋ አስቀድሞ የሚያሰላ ተመራማሪ የሀገር ጠባቂ ነው፤ በጀቱም በዚያው ልክ ሊታይለት ይገባል።

ሜዳውን የሚያጥለቀልቁት የርብና የጉማራ ወንዞች ሁለቱም ከጉና ተራራ ይነሳሉ። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ቁልቁለቱ ያልቃል፤ ጣና ሞልቶ ከጠበቃቸው ደግሞ መግቢያ አጥተው በማሳው ላይ ይንጣለላሉ። ስለዚህ የጉናን ዝናብና የሐይቁን ከፍታ አንድ ላይ የሚያሰላ ሞዴል የግድ ነው። ተመራማሪው ሽመልስ ሰጠኝና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 የርብን፣ የጉማራን፣ የመገጭንና የግልገል ዓባይን ፍሰት በሞዴል አጥንተዋል። እውቀቱ እንግዲህ በእጃችን ነው። ዋጋው ግን የናቤጋና የዋገጠራ ቀበሌዎች ገበሬ ከብቱን ለማሸሽ በሚተርፈው ሰዓት ሊለካ ይገባል።

«ወንዙን ገበሬው ከማንም በላይ ያውቀዋል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ሩዙ የሚያድገው በዚሁ ውሃ ነው፤ ጓያውም ሩዙ ሲነሳ በቀረው እርጥበት ይዘራል። ውሃ በመጣ ቁጥር «ሽሹ» የሚል ሞዴል ለፎገራ አይበጅም። ዳሩ ግን ከደጋው የታጠበው አፈር የወንዞቹን ወለል እየሞላ በመሆኑ፣ ትናንት በቦዩ ያልፍ የነበረ ውሃ ዛሬ ዳር ጥሶ ይወጣል። የአባቶች ልምድም የተመራማሪው የቆየ ልኬትም አብረው ያረጃሉ፤ ቦዩ ከክረምት በፊት እንደገና መለካት አለበት። መረጃው ጥቂት ነው፣ ስሌቱ ይሳሳታል የሚለው ክርክርም ቀላል አይደለም፤ አንዴ በከንቱ ማሳውን ጥሎ የሸሸ ሰው ሁለተኛ ላይሰማ ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ የስህተቱን መጠን ሳይደብቁ መንገር፣ በጉና የዝናብ መለኪያ ማብዛትና በወንዞቹ ድልድዮች ሥር የሚነበበውን የውሃ ከፍታ በየሰዓቱ ወደ ስሌቱ ማስገባት ነው። ውሃው በሌሊት ሲነሳ ከወረታ ወደ የትኛው ቀበሌ ማን እንደሚደውልም የሞዴሉ አካል ሆኖ ከሰኔ በፊት በስም ይወሰን።